ፊደል የቆጠረ ገበሬ ሰማይንም ያነባል



«ፊደል ከመቁጠሬ በፊት ምንም አላነብም ነበር» የሚል ሰው ራሱን ይበድላል። የላይ አርማጭሆ ገበሬ ፊደል ሳይቆጥርም ብዙ ያነብ ነበር። የደመናውን መልክ አይቶ ዝናብ መምጣቱን ይናገራል። ያፈሩን ቀለም አይቶ ምን ቢዘራበት እንደሚሻል ያውቃል። ሌሊት ከቤቱ ወጥቶ ቀና ይልና የአጥቢያ ኮከብ መውጣቷን ሲያይ፣ «ሊነጋ ነው፤ ተነሡ፣ በሬ እንጥመድ» ይላል። ይህ ሁሉ ንባብ ነው። የጎደለው ያዩትን መጻፍ ብቻ ነበር።

አሁን ፊደል ቆጥረናል፤ ቁጥርም አውቀናል። ያንን የቆየ የሰማይ ንባብ በዓይናችን፣ በተተከለ እንጨት፣ በትንሽ መነጽርም እያገዝን እንዴት እንደምናሳድገው እስቲ አብረን እንመልከት። «ሰማይ ማየት ለገበሬ ምን ያረጋል?» የሚል ካለ እስከ መጨረሻው ያንብብ። ነገሩ የዓይን ብርሃንም የኪስ ገንዘብም ያለበት ነው።

የመጀመሪያው መሣሪያ

ከጎንደር ከተማ ወደ ሰሜን ስንሄድ ትክል ድንጋይን እናገኛለን። ስሟ የተተከለ፣ የቆመ ድንጋይ ማለት ነው። የሰው ልጅ ሰማይን ለመለካት ከተጠቀመባቸው ጥንታዊ መሣሪያዎች አንዱም ይኸው ነው፤ ቀጥ ብሎ የተተከለ ነገር። ዋጋ አይጠይቅም።

በደጃችሁ ሜዳ ላይ አንድ ሜትር የሚያህል ቀጥ ያለ እንጨት ትከሉ። እንደ ግንበኛ ቱምቢ በክር ላይ ድንጋይ አንጠልጥላችሁ ቀጥ ማለቱን አረጋግጡ። ጠዋት ጥላው ረጅም ነው፤ ወደ ምዕራብ ይተኛል። ቀኑ ሲገፋ ያጥራል። ከዚያ ወደ ምሥራቅ እየዞረ እንደገና ይረዝማል። ከሁሉ ያጠረበት ቦታ ላይ ጠጠር አስቀምጡ። ከእንጨቱ ሥር እስከ ጠጠሩ የሚሄደው መስመር ሰሜንና ደቡብን ያሳያል። አባቶቻችንም የገዛ ጥላቸውን በጫማ እየሰፈሩ ሰዓት ይለዩ ነበር።

ሰዓት ያለው ሰው አሁን ሰዓቱን ይይ። ጥላው ከሁሉ ያጠረው ልክ 6 ሰዓት ላይ ነው እንዴ? አይደለም። ወደ 6 ሰዓት ተኩል ግድም ነው። ሰዓቱ ግን አልተበላሸም። የአገራችን ሰዓት የተሰላው በ45ኛው ዲግሪ መስመር ነው። ያ መስመር ከእኛ በስተምሥራቅ ርቆ፣ በኦጋዴን በኩል ያልፋል። ጎንደር ያለችው ግን 37 ዲግሪ ተኩል ግድም ላይ ነው። ልዩነቱ 7 ዲግሪ ተኩል ነው። ምድር አንድ ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ይፈጅባታል። 7 ተኩልን በ4 አባዙት፤ 30 ደቂቃ ይመጣል። እንደ ወሩ ሁኔታ ደግሞ ሩብ ሰዓት ያህል ወዲህና ወዲያ ሊል ይችላል።

ከዚህም የሚያስደንቅ አለ። ሚያዝያ 16 ቀን ግድም፣ ዳግመኛም ነሐሴ 13 ቀን ግድም እንጨቱን በእኩለ ቀን እዩት። ጥላ የለውም! ፀሐይ ልክ ከአናት ላይ ናት። ነሐሴ 13 ደግሞ ቡሄ ነው። ደመናው ከፈቀደ፣ ልጆች ጅራፍ ሲያጮሁ እናንተ ጥላ የሌለውን እንጨት ታያላችሁ። ከሚያዝያው ቀን እስከ ቡሄ ድረስ የእኩለ ቀን ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል። በቀረው ጊዜ ወደ ሰሜን ይወድቃል። አውሮጳ ያለ ሰው ይህን በአገሩ ሆኖ አያየውም።

ተራራው የቀን መቁጠሪያ ነው

ጠዋት ጠዋት ከአንድ ቦታ ቆማችሁ ፀሐይ የምትወጣበትን ጫፍ ልብ በሉ። ሰኔ 14 ግድም ወደ ሰሜን ከሁሉ የራቀችበት ቀን ነው። ታኅሣሥ 12 ግድም ደግሞ ወደ ደቡብ ከሁሉ ትርቃለች። በመስከረምና በመጋቢት መካከል ላይ ትሆናለች። እጃችሁን ዘርግታችሁ ብትጨብጡ፣ የጭብጡ ስፋት ሰማይ ላይ 10 ዲግሪ ያህል ነው። ፀሐይ በዓመት ውስጥ ከጥግ እስከ ጥግ የምትሄደው አምስት ጭብጥ ያህል ነው። ዛሬ በየትኛው ዛፍ ወይም በየትኛው ቋጥኝ በኩል እንደወጣች ጽፋችሁ ያዙ። በዓመቱ በዚያው ቀን እዚያው ቦታ ትመጣለች።

ይህን የሚመስል ነገር በመጽሐፈ ሄኖክ አለ። ከ72ኛው እስከ 82ኛው ምዕራፍ ስለ ፀሐይና ስለ ጨረቃ መንገድ ይናገራል። ፀሐይ በምሥራቅ በስድስት በሮች ትወጣለች፣ በምዕራብም በስድስት በሮች ትገባለች ይላል። መጽሐፉ ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው።

ባሕረ ሐሳብም ከሰማይ የመጣ ሂሳብ ነው። አሥራ ሁለት ጨረቃ 354 ቀን ይሆናል። ዓመቱ ግን 365 ቀን ነው። 354ን ከ365 ቀንሱ፤ 11 ይቀራል። ይህ 11 አበቅቴ የሚባለው ሂሳብ መነሻ ነው። የፋሲካና የጾም ቀን በየዓመቱ የሚዘዋወረው ፀሐይና ጨረቃ በዚህ ስለማይገናኙ ነው።

ጎንደር የገባ ቴሌስኮፕ

ቴሌስኮፕ ማለት ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ ረጅም መነጽር ነው። ወደ አካባቢያችን ከመጣ ቆይቷል። በየካቲት 1762 ዓ.ም. ጀምስ ብሩስ የሚባል የስኮትላንድ ሰው ጎንደር ገባ። የዓባይን ምንጭ ፍለጋ የመጣ ነበር። ቴሌስኮፖችንና የኮከብን ከፍታ የሚለካ ኳድራንት የሚባል መሣሪያ ይዞ ነበር። ኳድራንቱ ከባድ ስለ ነበር፣ ከምጽዋ ሲመጡ የጣራንታን ተራራ የወጣው በሰው ጀርባ ነው። ብሩስ በቁስቋም በእቴጌ ምንትዋብ ግቢ ፈንጣጣ የያዛቸውን ሲያክም ሰነበተ። በጥቅምት 1763 ዓ.ም. ግሽ ዓባይ ደረሰ።

ብሩስ ሰማዩን ለክቶ ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ12 ዲግሪ ተኩል ትንሽ አለፍ ብላ እንደምትገኝ አሰላ። ዛሬ በሳተላይት የሚለካውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ይህን እናንተም በእጃችሁ መሞከር ትችላላችሁ። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ ያለው ከፍታ፣ እናንተ ከምድር ወገብ ያላችሁን ርቀት በዲግሪ ይነግራል። ሰሜኑ ያልተጋረደበት ቦታ ላይ ቁሙ። እጃችሁን ዘርግታችሁ ለኩ። አንድ ጭብጥና አንድ ወይም ሁለት ጣት ያህል ታገኛላችሁ።

የሰሜንና የደቡቡ ይህ ነው። የምሥራቅና የምዕራቡስ? ለዚህ ቴሌስኮፕና ጁፒተር ያስፈልጋሉ። ጁፒተር እንደ ምድር ፀሐይን የሚዞር፣ ከፕላኔቶች ሁሉ ትልቁ ነው። አራት ትልልቅ ጨረቃዎች ይዞሩታል። እነዚህን ያየው ጋሊሊዮ የሚባል የጣሊያን ሊቅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በጥር 1610 በገዛ እጁ በሠራው ትንሽ ቴሌስኮፕ። ከአራቱ ለጁፒተር ቅርብ የሆነችው በ42 ሰዓት ተኩል አንድ ጊዜ ትዞራለች። ጁፒተር ጥላ ውስጥ ስትገባ ድንገት ትጠፋለች። ይህን መጥፋት ጎንደር ያለውም ሰው ለንደን ያለውም ሰው በአንድ ቅጽበት ያዩታል።

እንግዲህ እንዲህ እናስላ። በጎንደር በፀሐይ ሰዓት ከሌሊቱ 4 ሰዓት ላይ ጠፋች እንበል። በለንደን ግን በዚያው ቅጽበት ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ነው። ልዩነቱ 2 ሰዓት ተኩል ነው። ምድር በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለች። 2 ተኩልን በ15 አባዙት። 37 ተኩል! ቅድም በእንጨቱ ጥላ ያገኘነው ቁጥር በሌላ መንገድ መጣ። በዚያ ዘመን ብሩስን የመሰሉ ተጓዦች ቦታቸውን የሚያውቁት በዚህ ዓይነት ነበር።

ብሩስ ወደ አገሩ ሲመለስ ሦስት የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎችን ይዞ ሄደ። አውሮጳ ሙሉውን መጽሐፍ ያወቀው ከዚያ ወዲህ ነው። የብሩስ ልኬትም የአባቶቻችን መጽሐፍም እስከ ዛሬ የደረሱት ስለ ተጻፉ ነው። የጎንደር ገበሬ በኮከብ ሌሊትን ሲከፍል፣ ወቅትን ሲለይ የኖረበት ዕውቀት ግን ብዙው በአፍ ብቻ ነበር። አንድ ሽማግሌ ሲሞት አብሮት ይቀበራል።

በባይኖኩላር ምን ይታያል?

ባይኖኩላር ለሁለት ዓይን የተሠራ ሩቁን የሚያቀርብ መነጽር ነው። ወደ ስሜን ተራሮች የሚሄዱ ጎብኚዎች ዋልያ ለማየት አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት እሱ ነው። አካሉ ላይ ቁጥር ተጽፎበታል። «10×50» የሚል ከሆነ፣ 10 ማለት ነገሩን አሥር ጊዜ አቅርቦ ያሳያል ማለት ነው። 50 ማለት የፊተኛው መስተዋት ስፋት 50 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው።

ለኮከብ ዋናው ሁለተኛው ቁጥር ነው። ዝናብ ሲዘንብ ጣሳና ገንዳ ደጅ ብታስቀምጡ ብዙ ውሃ የሚይዘው የቱ ነው? ገንዳው ነው፤ አፉ ሰፊ ነዋ! መነጽርም ብርሃንን የሚሰበስበው እንዲሁ ነው። የዓይናችን ብሌን በጨለማ ቢበዛ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ይከፈታል። 50 ሚሊ ሜትሩ መስተዋት ከዚያ 50 ጊዜ ያህል የሚበልጥ ብርሃን ይሰበስባል።

አያያዙን እንወቅ። እጅ ስለሚንቀጠቀጥ ኮከቡ ይዘላል። ስለዚህ አጥር ላይ ተደገፉ፣ ወይም ባላ እንጨት ተክላችሁ በባላው ላይ አስደግፉት። ባትሪና ኩራዝ አጥፉ። ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ 20 ደቂቃ ታገሡ። ከዚያ ተመልከቱ።

ጨረቃን። ሙሉ ስትሆን ሳይሆን ግማሽ ስትሆን እዩዋት። ብርሃንና ጨለማ በሚገናኙበት መስመር ላይ ጉድጓዶችና ተራሮች ጥላ ጥለው ይታያሉ።

የአጥቢያ ኮከብን። እሷ በእውነቱ ኮከብ አይደለችም። ቬኑስ የምትባል ፕላኔት ናት፤ ብርሃኗም የፀሐይ ነው። ጥቂት ወራት በንጋት፣ ጥቂት ወራት በምሽት ትታያለች። ወደ ምድር በቀረበች ጊዜ በባይኖኩላር እንደ ማጭድ ጨረቃ ቀጥና ትታያለች።

ጁፒተርን። አጠገቡ እስከ አራት የሚደርሱ ትናንሽ ነጥቦች በመስመር ተሰልፈው ታያላችሁ። በደብተር ሣሏቸው። በማግሥቱ ተመልሳችሁ እዩ። ቦታቸውን ለውጠዋል! ጋሊሊዮ ያየውን እናንተም አያችሁ። የሳተርንን ቀለበት ለማየት ግን 30 ጊዜ ያህል የሚያቀርብ ትንሽ ቴሌስኮፕ ያስፈልጋል።

ሰባቱን ከዋክብት። በዓይን ስድስት ወይም ሰባት ናቸው። በባይኖኩላር ግን ብዙ ደርዘን ይሆናሉ። ፍኖተ ሐሊብ የሚባለውም፣ ያ በጨለማ ሌሊት ወተት እንደ ፈሰሰ የሚነጣው መንገድ፣ ቁጥር የሌለው ኮከብ ሆኖ ይታያል።

በግንቦት ወር ምሽት ደግሞ አንድ የአገራችንን ዕድል እዩ። በሰሜን በኩል ዝቅ ብሎ የሰሜን ኮከብ አለ። በደቡብ በኩል አራት ኮከቦች መስቀል ሠርተው ይቆማሉ። የደቡብ መስቀል ይባላሉ። የአውሮጳ ሰው በአገሩ መስቀሉን አያይም። የአውስትራሊያ ሰው የሰሜን ኮከብን አያይም። የትክል ድንጋይ ገበሬ ሁለቱንም ከደጁ ያያል።

ቡና የምትባል ኮከብ

በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የዓለም የሥነ ፈለክ ማኅበር ለየአገሩ አንድ ኮከብና የምትዞራትን አንዲት ፕላኔት ሰጥቶ አሰየመ። ኢትዮጵያ ኮከቧን «ቡና»፣ ፕላኔቷን «አቦል» አለቻቸው። ኮከቧ ያለችው አንድሮሜዳ በሚባለው የኮከብ ክምችት ነው። የጥንት ግሪኮች በተረታቸው አንድሮሜዳን የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ይሏት ነበር።

ቡና በዓይን ብቻ አትታይም። በባይኖኩላር ግን በጨለማ ሌሊት ትገኛለች፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ምሽት ከአናት ወደ ሰሜን ዘንበል ባለው ሰማይ። ብርሃኗ እኛ ዘንድ ለመድረስ 200 ዓመት ያህል ይፈጃል። ዛሬ የምናየው ብርሃን ከእሷ የተነሣው ዐፄ ቴዎድሮስ ገና ልጅ ሳሉ ግድም ነው። አቦል ግን በመነጽር አትታይም። ሊቃውንት ያወቋት ኮከቧን ወዲያና ወዲህ ስትጎትታት አይተው ነው።

ፀሐይ ስትጋረድ

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ማለዳ ጨረቃ በፀሐይ ፊት አለፈች። ላሊበላ ላይ ፀሐይ የእሳት ቀለበት መሰለች። ጎንደር ላይ በከፊል ተጋረደች። በእንዲህ ያለ ቀን በአንድ ቤት ደጃፍ አባትና ልጅ እንዲህ ሲነጋገሩ እናስብ።

«አባባ፣ ፀሐይን ምን ነካት ይላሉ?»

«እኔ እንጃ ልጄ። የቁጣ ምልክት ነው ይሉ ነበር አያቶችሽ። ግቢ፣ በሩን እንዝጋ።»

«እስቲ እጅዎን ከፊትዎ ያድርጉት። ያ ተራራ ይጋረድ የለም?»

«ይጋረዳል።»

«ተራራው ጠፋ ታዲያ?»

«ኧረ የት ይጠፋል!»

«ጨረቃም እንደ እጅዎ ናት። መሐል ገባች፣ ታልፋለች። ቀኑን ሊቃውንት አስቀድመው በሂሳብ ያውቁታል። ቁጣ ቢሆን ቀጠሮ ይይዝ ነበር?»

«ይህስ እውነት ነው። እንግዲያ ወጥቼ ልያት።»

«ኧረ አባባ! ቀና ብለው እንዳያዩ! ዓይንዎ ይጠፋል።»

ልጅቱ እውነቷን ነው። ግርዶሹ ቁጣ አይደለም። ፀሐይን ማየት ግን ያሳውራል። የዓይን ውስጠኛው ክፍል ሲቃጠል ሕመም አይሰማም፤ ሰው የሚያውቀው ካለፈ በኋላ ነው። በባይኖኩላር ከሆነማ በአንድ አፍታ ነው። አጉሊ መነጽር በፀሐይ ገለባ ሲያቃጥል አይታችሁ የለም? ያው ነው። ስለዚህ ባይኖኩላርና ቴሌስኮፕ ከቶ ወደ ፀሐይ አይዞሩም። ልጆች ብቻቸውን በቀን አይያዙት። በጭስ የጠቆረ መስተዋት፣ የራጅ ፊልም፣ ተራ የፀሐይ መነጽር ዓይንን አያድኑም።

ያለ ሥጋት ማየት የሚፈልግ ወንፊት ያምጣ። ጀርባውን ለፀሐይ ይስጥ። የወንፊቱን ጥላ መሬት ላይ ይጣል። ፀሐይ ስትጋረድ በየቀዳዳው የሚያልፈው ብርሃን ትናንሽ ማጭድ ይመስላል። የጨረቃ ግርዶሽ ግን በዓይንም በመነጽርም ቢያዩት አይጎዳም።

ቀኑን ጽፋችሁ ያዙ። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ፀሐይ እንደገና ትጋረዳለች። በግብፅና በሳዑዲ ዓረቢያ ሙሉ በሙሉ፣ በእኛ አገር በከፊል ነው። ጎንደር ላይ ከግማሽ በላይ ትሸፈናለች፤ ሰዓቱም ከእኩለ ቀን በኋላ ነው። ክረምት ስለሆነ ደመና ሊኖር ይችላል። ደመናው ሲገለጥ ልጆች ቀና እንዳይሉ ከአሁኑ ንገሯቸው።

ኮከብ ማስቆጠርና ኮከብ መቁጠር

ሁለቱ አንድ አይደሉም። አንዳንዱ ሰው እህሉን ሸጦ፣ ዶሮ ይዞ፣ «ኮከቤን ቁጠሩልኝ» ሲል ይሄዳል። ቆጣሪው የሰውየውንና የእናቱን ስም ፊደል በቁጥር ደምሮ በ12 ይገድፋል። እስቲ ልብ እንበል፤ ይህ ሰው አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ? አላየም! የቆጠረው ፊደል ነው። ፊደል መቁጠር ደግሞ አሁን እኛም እንችላለን።

ጅራታም ኮከብም የጦርና የረሃብ ምልክት ነው ይባል ነበር። ሃሌይ የሚባለው ጅራታም ኮከብ በ76 ዓመት ግድም አንድ ጊዜ ይመጣል። በ1978 ዓ.ም. መጥቶ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2061 ይመለሳል። ቀን ቆርጦ የሚመላለስ መንገደኛ ነው እንጂ መርዶ ነጋሪ አይደለም።

አገራችንም በዚህ ሙያ ተሰማርታለች። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ1996 ዓ.ም. ተቋቋመ። በ2007 ዓ.ም. እንጦጦ ተራራ ላይ፣ ወደ 3200 ሜትር ከፍታ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተመረቁ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ከቻይና ተወነጨፈች። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን መነሻው ቀና ብሎ ማየትና ያዩትን መጻፍ ነው።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ እንጨት እንትከል። ጥላውን በየሳምንቱ እየለካን በደብተር እንጻፍ።

ሁለተኛ፣ ሽማግሌዎችንና ባልቴቶችን እንጠይቅ። «ይህን ኮከብ ምን ትሉታላችሁ? መቼ ይወጣል? ሲወጣ ምን ትዘራላችሁ?» እንበል። የነገሩንን ከነቀኑ እንጻፍ። እውነት ሆኖ እንደሆነ በዓመቱ እናያለን።

ሦስተኛ፣ የሚቻል ከሆነ ገንዘብ አዋጥተን ለቀበሌው ትምህርት ቤት አንድ ባይኖኩላር እንግዛ። አንድ ሰው ብቻውን ቢከብደው ለመቶ ቤተሰብ አይከብድም።

አራተኛ፣ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. አንድም ልጅ ዓይኑን እንዳያጣ እያንዳንዳችን ለአምስት ቤት እንናገር።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በትክል ድንጋይ በእኩለ ቀን ጥላ የሚጠፋው በየትኞቹ ቀኖች ግድም ነው?

2. የጎንደር እኩለ ቀን ከ6 ሰዓት ወደ 30 ደቂቃ ያህል የሚዘገየው ለምንድን ነው? ሂሳቡን ሥሩ።

3. ፀሐይ ስትጋረድ ዓይንን ሳይጎዱ በወንፊት ማየት እንዴት ይቻላል? ለጎረቤታችሁ አሳዩ።

4. በሠፈራችሁ አንድ ሽማግሌ የሚያውቁትን የኮከብ ስም ጠይቃችሁ ጻፉ።